ሻሺቱ የቀበረችው እንሰት

ሻሺቱ የልቧን ጸሎት የምታደርሰው ጎመን እየኮተኮተች ነው። ቤተ ክርስቲያን አትቀርም፣ ታስቀድሳለች፣ ትሰግዳለች፤ እሱ እንዳለ ሆኖ፣ የሆዷን የምትዘረግፈው ግን ዶርዜ ካለው ቤቷ ጓሮ ተንበርክካ፣ ጥፍሯ ሥር አፈር ሞልቶ ነው። የአባያና የጫሞ ሐይቆች ታች ከጉሙ ሥር ብቅ ጥልቅ ሲሉ፣ እሷ ላይ ሆና ከአምላኳ ጋር ትሟገታለች። "ይህን ጎመን ማን በላው? አንተ እያየህ ነው የተበላው?" ትላለች። መልስ የምትጠብቅ ይመስል ወደ ላይ ታንጋጥጣለች። ከዚያ አረሟን መንቀል ትቀጥላለች።

ደግሞ ጓሮዋ! አይቶት ያለፈ ሰው ተመልሶ ሳያየው አይቀርም። መደቦቹ ሁሉ ስም አላቸው። በሚካኤል ማግስት የዘራችው ጎመን የሚካኤል ነው፣ ነጭ ሽንኩርቱ የኪዳነ ምሕረት፣ ድንቹ የአቦ። በበዓሉ ቀን አፈር አትነካም፤ በማግስቱ ግን ወፍ ሳይቀድማት ትነሳለች። ስሙ እንዲሁ ለወጉ የወጣ እንዳይመስላችሁ። ወር በገባ በአሥራ ሁለት ከሚካኤል ጎመን አንዲት ቅጠል ለገበያ አትቀነጠስም። ከቅዳሴ የሚመለሰው ሁሉ በአጥሯ በኩል ሲያልፍ እቅፍ እቅፍ ታሸክመዋለች። "ከሚካኤል ነው፤ እኔን አታመስግኑኝ" ትላለች።

አንድ ጊዜ ጎረቤቷ ኤርጫፎ ድርሻውን ተቀብሎ ጎመኑን ገለባበጠና፣

"አንቺ ሻሺቱ፣ ሥጋ የሚሰጥ መልአክ የለሽም?" አላት።

"አለኝ እንጂ። እሱ የሚሰጠው ግን ለሚጾም ሰው ነው፣ ጋሼ።"

ኤርጫፎ ከረቡዕና ከዓርብ በማምለጥ አገር ያወቀው ሽማግሌ ነው። በአጥሩ ዳር የነበሩት ሴቶች በሳቅ ፈረሱ። ይህ ነገር በጋሞኛ ሲባል ደግሞ በአማርኛ ከሚባለው እጥፍ ያስቃል፤ ግን ምን ይደረግ!

እንግዲህ እንዲህ ያለችዋ ሴት ናት አንድ ቀን ጸጥ ያለችው።

ባሏ ሀብተሚካኤል የእንሰት ሰው ነበር። በጋሞ ደጋ እንሰትን የሚተክለውና የሚያባዛው ወንዱ ነው። ፍቆ፣ አብላልቶ፣ ቆጮ አድርጎ ለምግብ የሚያደርሰው ደግሞ የሴቷ እጅ ነው። እሱ ይተክላል፣ እሷ ትፍቃለች፤ ዕድሜያቸውን እንዲህ ተቀባበሉት። ከዚያ ሀብተሚካኤል ታመመ ሲባል ሞተ። በቀብሩ ቀን ሻሺቱ ራሷን ስታ ስለነበር ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር አጠገብ ግራና ቀኝ ይዘው አስቀመጧት። ስትነቃ ሁሉም ነገር አልቆ ሕዝቡ እጁን እየታጠበ ነበር። አፈሩ ሲመለስበት አላየችም።

ከዚያ ወዲህ ጓሮዋ ውስጥ የመጥረቢያና የመኮትኮቻ ድምፅ እንጂ የሷ ድምፅ ጠፋ። ቅዳሴ ላይ ትቆማለች፣ ከንፈሯ ከሰው ጋር ይንቀሳቀሳል፣ ከውስጥ ግን የሚወጣ ነገር የለም። ከሰው ጋር ቢሆን ኩርፊያ ይባላል። ከእግዚአብሔር ጋር ሲሆን ምን እንደሚባል እሷም አታውቅም ነበር።

ይኼ ሳያንስ በሽታ ገባ። አጠውልግ ይሉታል፤ የእንሰቱ ቅጠል ቢጫ ይሆንና ውኃ እንዳጣ ሰው ይዝለፈለፋል። የታመመውን የነካ ቢላዋ በእሳት ካልተለበለበ በሽታውን ወደ ጤነኛው ይዞት ይሄዳል። ሀብተሚካኤል ቢላዋውን እሳት ሳያስነካ ከአንዱ እንሰት ወደ ሌላው አያልፍም ነበር፤ እሱ ከሄደ በኋላ ግን ይህን ልብ ያለ አልነበረም። ሻሺቱ ከረድፍ ረድፍ እየነቀለች አቃጠለች። መጨረሻ ላይ ከቤቱ ጀርባ፣ ለብቻዋ የቆመች አንዲት እንሰት ቀረች።

አንዲት ትሁን እንጂ ተራ እንሰት አልነበረችም። የቅጠሏ አከርካሪ ቀይ ነው፣ ቆጮዋ ቶሎ አይኮመጥጥም፣ ቡላዋን አራስ ያለበት ቤት ሁሉ እየለመነ ይወስድ ነበር። ዘሩን ወደዚህ መንደር ያመጣችው የሀብተሚካኤል እናት ልክነሽ ናት፤ በሙሽርነቷ ከአባቷ ቤት በጀርባዋ አዝላ። በሽታው በሌላው ሰው ጓሮ ያሉትን ሁሉ ጨርሷቸው ስለነበር የልክነሽ ዘር የቀረው ሻሺቱ ቤት ብቻ ነው። ይህች ከሞተች በቃ፣ ከምድር ጠፋ።

ኤርጫፎ አጥሩ ላይ ተደግፎ ሽቅብ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ልታብብልሽ ነው።"

ሌላ አገር ቢሆን የምሥራች ነበር። እንሰት ግን ዕድሜዋን ጠብቃ አንዴ ታብብና ትሞታለች። እንደ ሙዝ ከጎኗ ልጅ አታወጣም። ልጅ እንድታወጣ ገና በጉልበቷ ሳለች ግንዷ ተቆርጦ፣ ሥሯ ተቆፍሮ፣ ልቧ ተፈልፍሎ መቀበር አለባት። ከተቀበረው ሥር ዙሪያ፣ እግዚአብሔር ከረዳ፣ ብዙ ቡቃያ ይወጣል።

"ሳታብብ ካልቆረጥሻት አለቀልሽ" አላት ኤርጫፎ።

"ብቆርጣትስ?"

"ከበሰበሰች ያው አለቀልሽ።"

"ደግ ምክር ነው፣ ጋሼ። እግዜር ይስጥህ።"

"ኧረ አትቀልጂ! እኔ ልቅበርልሽ? ሀብተሚካኤል ወንድሜ ነበር።"

"አይሆንም። እኔው እቀብራታለሁ።"

"ሴት እንሰት ስትቀብር አይተን አናውቅም እኮ!"

"ገና ታያለሃ።"

ለምን እንደከለከለችው በጊዜው ለራሷም አልገባትም። ምናልባት አንድ ቀብር ሳታይ አልፏት ስለነበር ይሆናል።

ጥምቀት አልፎ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ ሰማዩ ጥርት ባለበት ሰሞን ቢላዋዋን በፍም ለበለበችና ወጣች። አማተበች። ግንዱን ከሥሩ አንድ እጅ ያህል ከፍ አድርጋ ቆረጠችው፤ ውኃው ተንዠቀዠቀ። ዙሪያውን ቆፍራ ሥሩን ስታወጣው የጥጃ ያህል ከበዳት። እያንከባለለች ወደ ጥላ ወሰደችው። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበረች።

የልቡ ነገር ግን ሌላ ነው። የእንሰት ልብ መሃል ላይ ናት፤ ቅጠሉ ሁሉ የሚወጣባት፣ ነጭ፣ ለስላሳ፣ የሕፃን አናት የምትመስል። እሷ ካልወጣች ሥሩ ጉልበቱን ሁሉ ለአንድ ግንድ ይሰጣል እንጂ አይበዛም። ሻሺቱ ቢላዋውን አስጠጋች፣ መለሰች፣ እንደገና አስጠጋች፣ ዓይኗን ጨፈነች።

"ጨፍነሽ በየት በኩል ልታወጪው ነው?" ሲል ጮኸ ኤርጫፎ ከአጥሩ ማዶ። ለካ ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ተደግፎ እያያት ነው።

"ዝም በል፣ ጋሼ!"

ዓይኗን ገለጠች። ወደ ሰማይ ቀና አለች። ከባሏ ሞት በኋላ ለአምላኳ የመጀመሪያ ቃሏን ተናገረች፤ ደግሞ ምስጋና እንዳይመስላችሁ።

"ይኸው! ይችንም ውሰዳት!"

ፈለፈለቻት። የተፈለፈለውን ጎድጓዳ በአፈርና በጠጠር ሞላች፣ ሥሩን ጉድጓዱ ውስጥ አጋደመች፣ ፍግ ጨመረችበት፣ አፈሩን መለሰችበት። አንድ እፍኝ፣ ሌላ እፍኝ፣ እስከ መጨረሻው። በዚህ ቀን ግራና ቀኝ የያዛት አልነበረም። ሲያልቅ ጉብታው ላይ ሁለት እጇን ዘርግታ ቆየች። ያን ሁሉ ጊዜ ያልመጣላት ለቅሶ ያኔ መጣ። ኤርጫፎ፣ ያ ለሁሉ ነገር አፍ የማያጣ ሰው፣ ባርኔጣውን አውልቆ ቀስ ብሎ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ጉብታውን ልታይ ወጣች። ባዶ አፈር። በሦስተኛው ቀን ወጣች። ባዶ አፈር። ጾሙ ገባ፣ እሷም ማጉረምረም ጀመረች። "ዝናቡንስ ምን አድርገህ ነው የያዝከው? በልግ አይደለም እንዴ?" አንድ ቀን ፍልፈል ከጓሮው ጫፍ አፈር ቆልሎ ስታይ ቆርቆሮ ይዛ ጉብታው አጠገብ ስትቀጠቅጥ ዋለች፤ በመሃል በመሃልም "አንተም ጠብቅ እንጂ፣ እኔ ብቻዬን ነኝ ወይ?" ትላለች። ያ በአጥሩ ሥር የሚያልፍ ሰው ሁሉ የለመደው ድምፅ ተመለሰ። እርቁ በጭቅጭቅ ይሁን እንጂ እርቅ ነው።

እየቆየ ሲሄድ ጭቅጭቁ ውስጥ ሌላ ነገር ገባበት። ማለዳ ከጉብታው አጠገብ መስገድ ጀመረች፤ ግንባሯ ላይ ጤዛና አፈር ይዛ ነው የምትነሳው። ስለ ሀብተሚካኤልም መጠየቅ ጀመረች። "እሱስ አንተ ዘንድ እንዴት ነው? ጓሮ ሰጠኸው? ካልሰጠኸው እኮ ያመዋል።" መጽሐፍ የተማሩ ሰዎች ለዚህ ሌላ ቃል ይኖራቸው ይሆናል። በጸሎት እንዲህ መቅረብ ግን ስንቱ ተመኝቶ ያጣው ነገር ነው።

ልጇ ቤተልሔም ታች ከተማው፣ ሴቻ፣ ዞን መሥሪያ ቤት ውስጥ ናት የምትሠራው። በየቀኑ ትደውላለች።

"እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?"

"አፈር እያየሁ።"

"አፈሩ ምን ሆነ?"

"ምንም አልሆነም። እኮ እሱ ነው ችግሩ!"

"እማዬ ሙች፣ እዚህ ከተማ ሲቀላ ገበያ ቆጮ ሞልቷል። ልግዛልሽና ልላክልሽ?"

"የማንን ቆጮ? የማን ዘር እንደሆነ የማላውቀውን?"

"እሺ፣ እዚያው አፈርሽን እይ።"

"አያለኋ!"

ሻሺቱ በልቧ ለአምላኳ ቀጠሮ ሰጥታው ነበር። ቡቃያው የሚወጣው በፋሲካ ነው። ሌላ ቀን ሊሆን እንደሚችል ያሰበችውም አይመስልም። የተቀበረ ነገር መቼ ይነሳል ታዲያ? ለኤርጫፎም፣ ለቤተልሔምም፣ ለጠየቃት ሁሉ "ለፋሲካ ታያላችሁ" ብላ ነበር። ስቅለትን ስትሰግድ ዋለች። ፋሲካ ነጋ። ከቤተ ክርስቲያን በነጭ ልብሷ እንዳለች፣ እህል ሳትቀምስ፣ ቤት ሳትገባ በቀጥታ ወደ ጓሮ ሄደች።

ባዶ አፈር።

"እንኳን አደረሰሽ፣ ሻሺቱ!" አለ ኤርጫፎ ከማዶ። "ተነሳ?"

"ክርስቶስ ነው የተነሳው!"

"እሱንማ እኔም ሰማሁ። እንሰቱን ነው የምጠይቅሽ።"

ወርውራ የሳተችው ነገር ድንች ነበር ይባላል።

ለበዓሉ የመጣችው ቤተልሔም እናቷ ዶሮውን በቅጡ እንዳልበላች አየች። "እማዬ፣ ካልሆነም አልሆነም፤ ከእኔ ጋር ትወርጃለሽ፣ እዚያ ትንሽ ጓሮ አለችኝ" አለቻት። ሻሺቱ ሳህኗን ገፋ አድርጋ ተነሳች። የልክነሽን ዘር፣ የባሏን እናት አደራ፣ በገዛ እጇ አርዳ እንደቀበረችው ነበር የምታስበው። ሀብተሚካኤል ቢሆን አይበሰብስበትም ነበር። ኤርጫፎን እሺ ብትለው አይበሰብስም ነበር።

በዚያው ሳምንት ዘገየ የተባለው ዝናብ ጣለ። ቅዳሜ ጠዋት አፈሩ ረጥቦ፣ ለስልሶ፣ ይሸታል። ሻሺቱ ጉብታው አጠገብ ቁጢጥ ብላ ግራና ቀኝ አየች። ኤርጫፎ የለም። ማንም የለም። ጣቷን አፈሩ ውስጥ ሰደደች።

እንዲህ ያለውን ነገር ሕፃን እንኳ አያደርገውም። የተቀበረ እንሰት አይነካም፤ በመንደሩ ይህን የማያውቅ የለም። እሷም ታውቃለች። ግን ማወቅ ሌላ፣ መጠበቅ ሌላ። ጣቷ ገባ፣ ገባ፣ አንድ ጠንከር ያለ ልሙጥ ነገር ነካ። ድንጋይ ይሆን? ለማረጋገጥ ትንሽ ገፋ አደረገችው።

ቀጭ!

ስታወጣው መዳፏ ላይ ያረፈው ነጭ፣ ሹል፣ የአውራ ዶሮ ጥፍር የሚያህል ቡቃያ ነው። ለካ ሲመጣ ነበር። በጨለማው ውስጥ ሽቅብ እየመጣ ነበር፤ እሷ ናት በጣቷ የሰበረችው።

አፈሩን መለሰችበት። ለማንም አልተናገረችም። ቡቃያውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ቤት ገባችና ተኛች።

በነጋታው እሑድ ዳግማይ ትንሣኤ ነበር። ልትቀር ፈልጋ ነበር፤ እግሯ ለምዶት ወሰዳት። ወንጌል ተነቦ ቄስ ዘካሪያስ ለስብከት ቆሙ። የዚያን እሑድ ስለ ማን እንደሚሰበክ ይታወቃል፦ ስለ ቶማስ። ጌታ ተነሣ ሲሉት፣ ጣቴን ከቁስሉ ካላስገባሁ አላምንም ስላለው ሐዋርያ። ሻሺቱ ይህን ታሪክ በየዓመቱ ሰምታዋለች፤ በየዓመቱም በቶማስ ታዝንበት ነበር። ምን ዓይነት ሰው ነው፣ ትንሽ አይታገሥም!

ዝቅ ብላ ጣቷን አየች። ጥፍሯ ሥር አፈር አለ።

እጇን በነጠላዋ ውስጥ ደበቀች። ከዚያ ከሆዷ የተነሣ ሳቅ መጣባት፤ ብታፍነው፣ ብታፍነው ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። አጠገቧ የቆመችው በለጥሽ ያለቀሰች መስሏት "አይዞሽ፣ እህቴ" እያለች ጀርባዋን ትደባብሳለች። ጥቂት ቆይቶ እውነትም ለቅሶ ሆነ።

ሕዝቡ ሲበተን የንስሐ አባቷን ቄስ ዘካሪያስን በዛፍ ጥላ ሥር አገኘቻቸው። መስቀል ተሳለመችና፣

"አባቴ፣ እኔም ጣቴን አስገባሁ" አለች።

"የት?"

"እንሰቷ ላይ። የቀበርኳት ላይ።"

ቄሱ እንሰት በልተው ያደጉ የደጋ ልጅ ናቸው። ፊታቸውን ኮስተር ለማድረግ ሲታገሉ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ።

"ካስገባሽስ በኋላ ምን አገኘሽ?"

ቋጠሮዋን ፈታች። "ይኸው። ሰበርኩት። ገደልኩት፣ አባቴ።"

ቄስ ዘካሪያስ ቡቃያውን በሁለት ጣታቸው አንሥተው ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

"ሻሺቱ፣ የበሰበሰ ነገር እንዲህ ያለ ያወጣል?"

ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።

"አንድ ሲመጣ ነው ያገኘሽው። ሌሎቹ ደግሞ ከኋላው ናቸው። እንሰት መቼ አንድ ብቻ አውጥታ ታውቃለች? ጌታ ቶማስን ለምን ጠየቅኸኝ ብሎ አላባረረውም፤ እጁን ያዘው እንጂ። አሁን ሂጂ። እጅሽን ግን ሰብስቢ!"

ቤቷ ስትደርስ ጉብታውን አላየችውም፤ ጎመኗን ኮተኮተች። በማግስቱም አላየችውም፣ ሽንኩርቷን አረመች። "አንተ ታውቃለህ" ትላለች፤ ቃሉ ያው ቢሆንም ድምፁ ተለውጧል። በዚህ ሁኔታ ስንት ቀን እንደሄደ የቆጠረም የለ። አንድ ጠዋት ግን አላይም ያለችው ነገር ራሱ መጥቶ ዓይኗ ውስጥ ገባ። ጉብታው ዙሪያውን ተሰንጥቋል። ከስንጥቁ ውስጥ፣ ልቧ ወጥቶ ጎድጎድ ባለው ቦታ ዙሪያ፣ የተጠቀለለ አረንጓዴ ጫፍ በጫፍ ላይ ይጋፋል። እያንዳንዱ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መስመር አለ።

ኤርጫፎ ጩኸቷን ሰምቶ በሽማግሌ ጉልበቱ አጥሩን ዘለለ። አየ። ጉብታው አጠገብ ተንበርክኮ አማተበ። እሱ ራሱ በኋላ እንደተናገረው፣ በዓለ ሃምሳ ካለፈ ጀምሮ ከዓርብ ጾም አላመለጠም፤ ረቡዕ ግን ገና ነው።

ሻሺቱ ስልኳን አንሥታ ለቤተልሔም ደወለች። ታለቅሳለች።

"እማዬ! እማዬ፣ ምንድነው? ማን ሞተ?"

"ማንም!" አለች ሻሺቱ። "ማንም አልሞተም፣ ልጄ! ማንም!"

ችግኞቹ ከርመው ሲጠነክሩ ነጣጠለቻቸው። አልሸጠችም። ዘሩ የጠፋበት ቤት ሁሉ ድርሻውን ወሰደ፤ ኤርጫፎ ሁለት ወሰደ፣ አንዱን ሰርቆ ነው እየተባለ ይታማል። በዘንድሮው በጋ ደግሞ ከዚህ በፊት ያልታየ ነገር ታየ። እንሰት ማባዛት የፈለጉ ሴቶች ወንድ መጥራት ትተው ሻሺቱን መጥራት ጀመሩ። እሷም ፍም በገል ይዛ፣ ቢላዋዋን ነጠላዋ ውስጥ ጠቅልላ ትሄድላቸዋለች።

ባለፈው ሰሞን የኤርጫፎ ምራት ኑሃሚን ጠራቻት። ገና ሙሽራ ናት። ሥሩ ወጥቶ፣ ቢላዋው በፍም ተለብልቦ፣ የእንሰቷ ልብ ጋ ሲደርስ ልጅቱ ዓይኗን ጨፈነች።

"እኔ አልችልም፣ እትዬ። በጣም ታምራለች።"

ሻሺቱ አልሳቀችባትም። ከኋላዋ ቁጢጥ ብላ የልጅቱን እጅ በእጇ ያዘችና ቢላዋውን አብረው አስገቡት።

"ታምራለች። ስለምታምር እኮ ነው። ግለጪ፣ አይተሽ አውጪያት።"

አወጡ። ሞሉ፣ አጋደሙ፣ ቀበሩ። ኑሃሚን እጇን በጭኗ ጠርጋ ጉብታውን አየችና በፍርሃት ጠየቀች፦

"መቼ ነው የሚወጣው? ለፋሲካ ይደርሳል?"

"ቀጠሮ አትስጪው፣ ልጄ" አለች ሻሺቱ፣ ጉልበቷን ይዛ እየተነሣች። "በየቀኑ እየመጣሽ አናግሪው። ብትቆጪውም ይሰማሻል። መምጣቱን እሱ ያውቃል።"